ከኾሩ ማዶ፣ ቅዳሜ ብቻ

ስንሻው የሞተው በሩ ሥር ነው። ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ከኮንቴይነሩ የብረት በር አስደግፎ፣ የሁለት እጁ ጥፍሮች ተሸራርፈው። ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስንሻው ጸሐፊ ሀኒ መወርወሪያውን ስባ በሩን ስትከፍተው ሬሳው እግሯ ላይ ተደፋ። ጩኸቷን የሰሙ ሰዎች ሮጠው መጥተው አንድ ጀሪካን ውሃ አፈሰሱበት። ያ ውሃ ከአንድ ሰዓት በፊት ቢደርስ ኖሮ ሰውዬው ይተርፍ ነበር።

ገንዳ ውሃ ከተማን በሚያዝያ ላላየ ሰው ነገሩ ግራ ሊያጋባው ይችላል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማው ይተኛል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ ጥላ ሥር ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭቶ ይጋደማል። በዚያ ሰዓት ብረት በባዶ እጁ የሚነካ የቆላ ሰው የለም። ፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጥ ተዘግቶ መዋል ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ አስቡት። መወርወሪያው ደግሞ ከውጭ ነው፤ የሰው እጅ ካልገፋው በራሱ አይዘጋም።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተር እሌኒ ወደ አለቃዋ ቢሮ ስትጠራ ፋይሉ አልቋል ማለት ይቻላል።

«ገዳዩ እጃችን ላይ ነው» አላት አለቃዋ። «ቃሉን ተቀብለሽ ዝጊው። ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«አምኗል?»

«አላመነም። ቢሆንም ሲዝት ከተማው ሁሉ ሰምቶታል።»

ከተማው የሰማው ይህን ነው። ዘሩ የሚባል ጫኝና አውራጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን መቅዲን ሰኞ ዕለት ቀበረ። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በስንሻው ቢሮ በር ላይ ቆሞ፣ በባጃጅ ሹፌሮችና በመንገደኛ ፊት «የልጄን መድኃኒት እንዳቃጠልህ አንተም ተቃጠል!» ብሎ ጮኸ። ቀትር ላይ ስንሻው ተቃጠለ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እሌኒ ግን ትፈልግ ነበር። የአብርሃ ጅራ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ የትራክተር ሹፌር ነበር። ሰው አዘጋጅቶ ያቀረበላት መልስ ያናድዳታል፤ ስትናደድ ደግሞ በያዘችው ፋይል ፊቷን እያራገበች ትሄዳለች። ዘሩ ነገ ፍርድ ቤት ከቆመ በኋላ ማንም መለስ ብሎ ጉዳዩን እንደማያየው ታውቃለች። ለዚህ ያላት ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ፋይሉን ያዘችና እያራገበች ወጣች።

የስንሻው ንግድ ቤት «ቆላ አድራሽ» ይባላል። ሰው በስልኩ ጫማም፣ ቀሚስም፣ ቬንትሌተርም ከአዲስ አበባና ከጎንደር ማዘዝ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሻጩ በቴሌግራም ፎቶ ይለጥፋል፤ ገዢው ይመርጣል፤ አውቶቡስ ያመጣዋል፤ ስንሻው ተቀብሎ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ያድላል። በአስፋልቱ ዳርና ዳር ለሚኖሩት መምህራን፣ ነጋዴዎችና የቢሮ ሰዎች እቃው በመጣበት ዕለት ባጃጅ በራቸው ድረስ ያደርስላቸዋል። ኾር የሚሉት የበጋ ደረቅ ወንዝ ከከተማው በስተደቡብ ያልፋል። ከኾሩ ማዶ የሚኖረው ጫኝና አውራጅ፣ የቀን ሠራተኛና ባለ ጉሊት እቃውን የሚያገኘው ቅዳሜ ብቻ ነው። ስንሻው «አሸዋው ጎማዬን ይበላዋል» ይል ነበር። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ የማዶ ሰው ቢዘገይበት ምንም እንደማያመጣ ማወቁ ነው።

እሌኒ ከሳጅን ባዘዘው ጋር ኮንቴይነሩ ዘንድ ስትደርስ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ብረቱ ግን ከወዲሁ ሞቋል። ሳጅኑ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው ሰው ነው። ኮንቴይነሩ የቆመው በሰሊጥ ነጋዴው በጋሽ እንግዳው ግቢ ውስጥ፣ ከማበጠሪያው ማሽን ሃያ እርምጃ ርቆ ነው። ከበሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ባዶ ነበር። በስተጀርባ፣ እስከ መጨረሻው ጥግ፣ ካርቶንና ፌስታል እስከ ጣሪያው ተከምሯል።

«ይኼኛው ለምን ባዶ ሆነ?» አለች።

«የአስፋልቱ ሰው መደርደሪያ ነዋ። ረቡዕ ጠዋት ታድሎ አልቋል። ጥጉ የኛ የማዶዎቹ ነው፤ ቅዳሜን ይጠብቃል።»

«እርስዎም ማዶ ነው የሚኖሩት?»

«ሃያ ዓመቴ። ለልጄ ሰርግ ያዘዝሁት ጫማ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ነው የደረሰልኝ። ለቀብሬ አደርገዋለሁ ብዬ አስቀምጨዋለሁ።»

እሌኒ ሳትስቅ ወደ ጥጉ ገባች። በጠባቡ መተላለፊያ መጨረሻ፣ ከክምሩ ላይ አንድ ነጭ የፎም ሳጥን ተነጥሎ ወጥቶ ተቀምጧል። ከሥሩ ወለሉ ላይ መነፅር ወድቋል። ሳጥኑ ላይ «መቅዲ ዘሩ፣ ከኾር ማዶ» ተጽፎበታል፤ «በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚል ወረቀትም ተለጥፎበታል። ከፈተችው። በረዶ የነበረ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሆኖ፣ ውሃው ራሱ ለብ ብሏል። ከጎኑ ሁለት ትንንሽ የመድኃኒት ብልቃጦች አሉ።

«መነፅሩ የማን ነው?»

«የስንሻው። ያለሱ ፊደል አይለይም። ሊያነብ ሲል ያጠልቃል፣ ሲጨርስ ያወልቃል።»

«በሩ ሥር የሞተ ሰው መነፅሩ እዚህ ምን ይሠራል?»

እሌኒ ሳጥኑ ላይ ያለውን የጎንደር ሻጭ ስልክ ቁጥር ደወለችና ጥላ ፍለጋ ራቅ ብላ ሁለት ደቂቃ ያህል አወራች። ስትመለስ ፋይሉን ማራገብ አቁማ ነበር።

ሀኒ የቆላ አድራሽ ቢሮ ውስጥ ቀኝ መዳፏን በፋሻ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል።

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«መወርወሪያው ነው ያቃጠለኝ። ጨርቅ መያዝ ረሳሁ። ከምሳ ስመለስ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮሃል፣ እሱ የለም። ደነገጥሁ።»

«ስልኩን ለምን ትቶት ሄደ?»

«ቻርጅ ላይ ነበር። ቶሎ ሊመለስ መስሎት ይሆናላ።»

«ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«ስድስት ሰዓት። ሊተኛ ምንጣፉን እያነጠፈ ነበር።»

«ከኮንቴይነሩ እቃ የሚያወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ። እሱን ወገቡን ያመዋል፤ ቁጭ ብሎ ያዘኛል።»

«ራሱ ገብቶ አያውቅም?»

«እኔ ከሌለሁና የሚያከብረው ሰው ከመጣ ይገባል። ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ አንዴ ገብቷል።»

«የማዶ ሰው ቢመጣበትስ?»

«ለማዶ ሰው?» ሀኒ ራሷን ነቀነቀች። «እናቱ ከሞት ተነስታ ብትመጣ ቅዳሜ ነይ ነው የሚላት።»

እሌኒ ሁለቱን የመመዝገቢያ ደብተሮች ተቀበለች፤ አንዱ የአስፋልት፣ አንዱ የማዶ ነው። የማዶውን ገለጠች።

«ይኼ የመቅዲ ሁለተኛ ሳጥን ሰኞ ማታ ነው የገባው። ለአባቷ ደወልሽለት?»

«ለማዶ የምንደውለው ዓርብ ዓርብ ነው። መሞቷን እንኳን የሰማሁት ረቡዕ ጠዋት አባቷ ሲጮህ ነው።» ድምጿ ተሰበረ። «የመጀመሪያውን ሳጥን ጥጉ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። በቀዝቃዛ ቦታ የሚለውን አንብቤዋለሁ። ማዶ ስለሚል ግን እጄ ራሱ ወደዚያ ወሰደው።»

እሌኒ በፋሻ የተጠቀለለውን መዳፏን አየች። እጇ ላይ ያለው ቁስል ከሌላው ሁሉ ይልቅ ቀላሉ ነበር።

ጋሽ እንግዳው ራኩባው ሥር፣ ከሣር ክዳኑ ጥላ፣ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ስልሳ ያለፋቸው፣ ጀላቢያ የለበሱ፣ ገና ሳይጠየቁ የሚመልሱ ሰው ናቸው።

«ኮንቴይነሬን ለሰሊጤ ማስቀመጫ ልቀቅልኝ ብየዋለሁ። አላልሁም አልልም። በሰሊጥ ምክንያት ግን ሰው አልገድልም።»

«ረቡዕ ቀትር ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«እዚሁ ተጋድሜ ነበር። ስድስት ተኩል ላይ መብራት መጣ። መብራት ሲመጣማ እንቅልፍ የለም፤ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ማሽኑን አስነሳን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተለያየንም፤ ጠይቂያቸው።»

«ሲያንኳኳ አልሰማችሁም?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

«ድም ድም የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ወንፊቱ የላላ መስሎኝ ‹ብሎኑን አጥብቀው› አልሁት ሠራተኛውን። አጠበቀው። ድም ድሙ ግን አልቆመም። በኋላ ሲቆም ተስተካከለ ብየ ደስ አለኝ።»

«መብራት ከመምጣቱ በፊትስ ምን ሰሙ?»

«ስንሻውን ሰምቻለሁ። ከሆነ ሰው ጋር ያወራል። ‹ኧረ ችግር የለም፣ ራሴ አወጣዋለሁ› ሲል ነበር።»

«ተቆጥቶ?»

«ኧረ ወዲያ! ማር የላሰ አንደበት ነበር።»

«ያኛው ሰውስ?»

«ድምፁ አልተሰማኝም። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።»

«ይኼን ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ገዳዩ ታውቋል ከተባለ በኋላ ማን ይጠይቃል?

ዘሩ እስር ቤቱ ወለል ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ መዳፉ እንደ ጫማ ሶል የጠነከረ ሰው ነው። እሌኒ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አያ ዘሩ፣ እግዜር ያጽናዎት።»

ቀና ብሎ አያት። ከታሰረ ወዲህ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም።

«መድኃኒቱን ማነው ያዘዘላችሁ?»

«ሲስተር አየሁሽ። የስኳር መርፌው ከከተማው ከጠፋ ወር ሆነው። በስልኳ ከጎንደር አዘዘችልን። እሷ ለክትባት ሥራ ወደ ሽንፋ ሄደች፤ ‹ረቡዕ ቤታችሁ ድረስ ያመጡላችኋል፣ ከውሃው እንስራ ሥር አስቀምጡት› ብላን።»

«ረቡዕ መጣ?»

«አውቶቡሱ አመጣው። ሐሙስ ሄጄ ለመንሁት። ቅዳሜ አለኝ። ዓርብም ሄድሁ።»

«ለሲስተር ለምን አልደወሉላትም?»

ዘሩ ጥያቄው አልገባውም። «ምን ብዬ? ሁሌም ቅዳሜ አይዶለም እንዴ? የምታውቅ መስሎኝ።» ጉልበቱን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ። «ቅዳሜ ሲስተር ከሽንፋ ተመልሳ ወጋቻት። አልሠራም። እሑድ ጨምራ ወጋቻት፤ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ነው መድኃኒቱ ሦስት ቀን ኮንቴይነር ውስጥ መዋሉን የነገርኋት። ልጄን ይዘን ወደ ጎንደር ስንገሰግስ መንገድ ላይ ቀረች።»

«መድኃኒት ስንት ጊዜ ነው የመጣላችሁ?»

«አንዴ። የቅዳሜው።»

«ሌላ ሳጥን አልመጣም?»

«የቱ ሳጥን?» አለ ዘሩ።

እሌኒ ፊቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። የሚዋሽ ሰው ጥያቄን ሲመልስ ትንሽ ይፈጥናል፤ ይህ ሰው ግን ግራ ተጋብቶ ነበር።

«ረቡዕ ቀትር የት ነበሩ?»

«መቃብሯ ላይ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«በዚያ ፀሐይ ማን ያየኛል?»

የጤና ኬላው ያለው ከአስፋልቱ ወዲህ፣ ኾሩ አፋፍ ላይ ነው። ሲስተር አየሁሽ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከጎጃም ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በአስፋልቱ ሠፈር ተከራይታ ትኖራለች። ኾሩን በእግሯ ተሻግራ የማዶን በሽተኛ ቤቱ ድረስ ሄዳ የምታይ ከእሷ በፊት አልነበረም። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

«ኢንሱሊን ሙቀት ሲያገኘው ምን ይሆናል?» አለቻት እሌኒ።

«ውሃ ይሆናል። ግን መልኩ ላይለወጥ ይችላል። ያየው ሁሉ አይለየውም። እኔም አልለየሁትም።»

«መቅዲን የወጋሻት አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። ሁለቱንም ቀን።»

«ለራስሽ ያዘዝሽው እቃ ሲመጣ ስንት ቀን ይቆይብሻል?»

«ቀን?» አለች አየሁሽ። «የመጣ ዕለት ነው። በሬ ድረስ ያመጡልኛል።»

«ረቡዕ ቀትር የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ወላድ ይዤ ነበር። ወንድ ልጅ ወልዳ ወጥታለች።»

እሌኒ አመሰገነቻት። ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የወላዶች መዝገብ ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ሳጅን ባዘዘውን «ሁሉንም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ እንግዳው ግቢ አምጡልኝ። ዘሩንም» አለችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራኩባው ሥር ተሰበሰቡ። አለቃዋ ከቢሮው ባመጣው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ጋሽ እንግዳው አልጋቸው ላይ፣ ሀኒ ባዶ ጆንያ ላይ፣ ሲስተር አየሁሽ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ከምሰሶው ተደግፋ። ዘሩ በካቴና ታስሮ ከሳጅኑ አጠገብ ቆሟል። ኮንቴይነሩ ከፊታቸው በሩ ተከፍቶ ይታያል።

«ፋይሉ መዘጋት ነበረበት» አለ አለቃዋ።

«ይዘጋል» አለች እሌኒ። «መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስንሻው ረቡዕ ቀትር፣ በዚያ ሙቀት፣ ኮንቴይነሩ ጥግ ድረስ ለምን ገባ?»

በያዘችው ፋይል ወደ ኮንቴይነሩ ጥግ ጠቆመች።

«መነፅሩን ያገኘሁት ጥጉ ላይ ነው። መነፅሩን የሚያደርገው ሲያነብ ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ ሲዘጋበት ከክምሩ ውስጥ የሰው ስም እየፈለገ ነበር። በሩ ዘንድ ያለው የአስፋልት እቃ ጠዋት አልቋል። ጥጉ ላይ ያለው የማዶ እቃ ነው፤ የማዶ እቃ ከቅዳሜ በፊት አይነካም። ማን ቢጠይቀው ነው ረቡዕ የነካው?»

«ዘሩ አስፈራርቶት ይሆናላ» አለ አለቃዋ።

«ዘሩ ልጁ በሕይወት እያለች ሁለት ቀን ለምኖት አላወጣለትም። ረቡዕ ጠዋት ‹ተቃጠል› ያለውን ሰው ኋላው አስቁሞ ጠባብ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል? ጋሽ እንግዳው እንደሰሙት ደግሞ ቀትር ላይ ‹ችግር የለም፣ ራሴ አወጣዋለሁ› ያለው በማር አንደበት ነው። ስንሻው ለማዶ ሰው እንዲህ ተናግሮ ያውቃል፣ ሀኒ?»

«አንድም ቀን» አለች ሀኒ።

«የጠየቅሽው አንቺ ብትሆኚ ራስሽን ይልክሽ ነበር እንጂ እሱ አይገባም። ደግሞ በሩን አስቦ የዘጋ የቆላ ሰው ብረቱን በጨርቅ ይይዘዋል። አንቺ ለመክፈት ስትጣደፊ መዳፍሽን አቃጥለሻል። ጋሽ እንግዳው ከስድስት ተኩል በኋላ ከሁለት ሰዎች ጋር ማሽኑ ላይ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ሁለታችሁንም ነፃ ያወጣችኋል።»

የፎሙን ሳጥን ከጀርባዋ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ስንሻው ሲፈልግ የነበረው ይኼን ነው። ከክምሩ ነጥሎ አውጥቶታል። የሞተች ልጅ ስም አለበት። አያ ዘሩ፣ ይኼ ሳጥን መኖሩን ያውቁ ነበር?»

ዘሩ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ዓይኑን ከልጁ ስም ላይ ማንሳት አልቻለም።

«አያውቁም። ከማዶ ማንም አላወቀም፤ ምክንያቱም የሚደወለው ዓርብ ነው። ሀኒ መዝግባዋለች፤ ግን እሷ ስለ ሳጥን ካነሳችበት ‹አውጪው› ብሎ እሷኑ ነው የሚያስገባት። የቀረው ይህን ሳጥን ያዘዘው ሰው ነው። የጎንደሩን ሻጭ ጠየቅሁት። ሁለቱንም ሳጥን ያዘዘችው አንዲት ሴት ናት። ሁለተኛውን ያዘዘችው እሑድ ጠዋት፣ የመጀመሪያው መርፌ እንዳልሠራ ስታይ ነው። ስንሻው የሚያከብራት፣ እቃዋን በሯ ድረስ የሚያደርስላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር የአስፋልት ሰው።»

ማንም ወደ አየሁሽ አላየም፤ ሁሉም ከእሷ ወዲያ ወዲያ አዩ።

«ወላዷ መዝገብ ላይ የገባችው ሰባት ከሩብ ላይ ነው፣ ሲስተር። በራስሽ እጅ ጽፈሽዋል። አንቺ ግን ከስድስት ጀምሮ አልሽኝ። ከጤና ኬላው እስከዚህ አራት መቶ እርምጃ ነው።»

አየሁሽ ከምሰሶው ተላቀቀች። ለመካድ የሞከረች አይመስልም፤ እንዲያውም የተሸከመችውን ያወረደች መሰለች።

«ሳጥኑን አልወሰድሽውም» አለች እሌኒ። «ለማን ይጠቅማል? የፈለግሽው ሳጥኑን አልነበረም፤ እሱ እስከ ጥጉ ድረስ እንዲገባልሽ ነው።»

«አንድ ሰዓት ብቻ ነበር ያሰብሁት» አለች አየሁሽ። «መድኃኒቱ ሦስት ቀን የዋለበት ኮንቴይነር ውስጥ እሱ አንድ ሰዓት ቢውልበት፣ ምን እንደሆነ ይገባዋል ብዬ። መወርወሪያውን በጋዋኔ ጫፍ ይዤ ገፋሁት። ከዚያ ወላዷ መጣች። ረሳሁት ብል ውሸት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሰዓቴን አየሁ። ስልክም ነበረኝ፤ ለአንድ ባጃጅ ሹፌር ደውዬ ክፈትለት ማለት እችል ነበር።»

«ለምን አልደወልሽም?»

«መቅዲ ቅዳሜ ማታ ‹ሲስተር፣ ነገ ይሻለኛል?› ስትለኝ አዎ ብያት ነበር። እሱ ትዝ አለኝ።» ዞር ብላ ዘሩን አየችው። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያ ዘሩ። አድራሻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የራሴን ቤት ብጽፍ ኖሮ ሳጥኑ ረቡዕ ቀን ለአከራዬ ይደርስ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እቃ ሳዝዝ፣ እናንተ ዘንድ ቅዳሜ ብቻ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። የነገረኝ ሰው የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።»

ጋሽ እንግዳው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አለቃው ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሳጅን ባዘዘው ትእዛዝ ሳይጠብቅ የዘሩን ካቴና ፈታ።

«ይቅር በሉኝ» አለች አየሁሽ።

ዘሩ የታሰረበትን እጅ እያሻሸ ቆየ።

«ለመቅዲ ያደረግሽውን አውቃለሁ» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ እቅፍሽ ውስጥ አድራለች። በእሷ አልቀየምሽም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ባለቤቴ ቀትር ላይ ምግብ ስታመጣልኝ ጠዋት ቤታችን እንደመጣሽ ነገረችኝ።»

«መጥቻለሁ።»

«‹ልጄን ቀበርሁ፣ ባሌንም ሊወስዱብኝ ነው› ብላ ስታለቅስ አቅፈሻታል። አብረሻት አልቅሰሻል።»

አየሁሽ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርሻትም?»

«ልነግራት ነበር የሄድሁት» አለች አየሁሽ፣ በማይሰማ ድምፅ። «ስታቅፈኝ አቃተኝ።»

እሌኒ ራሷ የአየሁሽን እጅ ያዘች። ብዙ ሰው ይዛ ታውቃለች፤ እንደዚህች ሴት እጅ የከበደባት ግን አልነበረም። ነፍስ ያዳኑ እጆች ነበሩ፤ ትናንት ቀትር ደግሞ መወርወሪያ ገፍተዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ዘሩ የመለቀቂያውን ወረቀት ፈርሞ ኾሩን ሲሻገር ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ደጁ ላይ የተጣለው ድንኳን ሥር ያሉ ለቅሶኞች ሲያዩት ተነሱ። ባለቤቱ ሮጣ መጥታ ደረቱን፣ ትከሻውን፣ እጁን እየዳሰሰች ሙሉ መሆኑን አረጋገጠች። ውሃ አመጡለት። ጠጣ። ሰዎቹ ከበቡት፤ ሁሉም ሊጠይቁት የፈለጉት አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሷ ቀደመቻቸው።

«ማን ሆኖ ተገኘ?»

ዘሩ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጠዋት አብራት ያለቀሰችው ሴት የተቀመጠችበት መደብ አጠገቡ ነበር።

«ሲስተር ናት» አለ።

«የትኛዋ ሲስተር?» አለችው።

ከኾሩ ማዶ ሰዎች የሚያውቋት ሲስተር አንዲት ብቻ ነበረች።